ይፈለጋል፣ ይፈልጋል

እናዘዛለሁ፦ በሕይወቴ ከተጻፉልኝ የፍቅር ደብዳቤዎች ሁሉ አጭሩን፣ ምናልባትም እውነተኛውን፣ የፊደል ግድፈት መስሎኝ በቀይ ብዕር አርሜዋለሁ።

ሙያዬ ማረም ነው። በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ወረቀት ፊቴ ዘርግቼ፣ የሌሎችን ስህተት ስለቅም እውላለሁ። ይህ ሥራ ሰውን ያበላሻል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ፣ የአውቶቡስ ትኬቱን፣ የሐዘን መግለጫውን ሳይቀር በልቤ ሳላርም ማለፍ አይሆንልኝም። በተማሪነቴ «ቀለሜዋ» ይሉኝ ነበር። ያን ደብዳቤ የጻፈልኝንም ሰው ሰፈርተኛው «ቀለሜ» ይለዋል፤ የእርሱ ቀለም ግን በባልዲ ነው። የሱቆችን ስም በሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። «አንቺ ቀለም ቆጥረሽ፣ እኔ ቀለም በጥብጬ፣ ይኸው አንድ ቦታ ደረስን» ይለኝ ነበር እየሳቀ።

አባቴ ግን ቀለም ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው አይደለም። የፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የግድግዳው ሰዓት እንኳ በእርሱ ፊት ቀጥ ብሎ የሚቆም ይመስለኛል። አንድያ ልጁን፣ እኔን፣ ለአንድ ወጣት ጠበቃ አስቧል። ጠበቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ሲስቅ እንኳ አንቀጽ የሚጠቅስ መምሰሉ ብቻ ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ሰሌዳ ነው። ጣቢያው ወደ አዲስ ሕንጻ ሲዛወር ለበሩ አናት የሚሆን ሰሌዳ እንዲጻፍ አባቴ አዘዘ፤ የጣቢያው ሃምሳ አለቃ ደግሞ ከከተማው ጸሐፊዎች ሁሉ መርጦ ቀለሜን አመጣ። አባቴ የሰውየውን ሙያ እንጂ የልጁን ልብ የሰረቀ መሆኑን በምን ይወቅ? እኔም ለአባቴ ምሳ ላደርስ በሚል ሰበብ ወደ ጣቢያው ጓሮ ብቅ ማለት አበዛሁ። ረጅሙ ሰሌዳ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል፤ እርሱ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ይጽፋል፤ እኔ ከሥር መሰላሉን እይዛለሁ። እጁ ላይና ታች ሲል፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ጣል አድርጎ እንደ ሕፃን ትንፋሹን ሲይዝ አያለሁ። የምሳው ዕቃ መሬት ላይ ይቀዘቅዛል።

የሰሌዳ ጸሐፊዎች አንድ ደንብ አላቸው፤ የጻፈ ሰው የገዛ ግድፈቱን አያይምና፣ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሳያነብላቸው ሰሌዳ አይሰቅሉም። ሥራውን የጨረሰ ዕለት ከመሰላሉ ወርዶ ከጎኔ ቆመ።

«አንብቢልኝ እስቲ፣ የኔ አራሚ።»

«የማዕከላዊ ፖሊስ ጣቢያ። ሕግ አስከባሪ፣ የሕዝብ አገልጋይ» ብዬ አነበብኩ። እጄን በቀለም ጣቶቹ ያዘ። «አንድም ግድፈት የለበትም» አልኩ።

በምረቃው ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው ግን መሀል ላይ እንደ ተበሳ ጎማ ተነፈሰ። ሰሌዳው በሰማያዊ፣ በውብ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል «ሕግ አስቀባሪ» ይላል። «ከ» በሚገባበት «ቀ»። ከሰዉ መካከል አንዲት አሮጊት፣ «ውይ በሞትኩት! ቀብሩ መቼ ነው?» አሉ፤ ሕዝቡም እንደ አንድ ሰው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ አልሳቀም። ጆሮው ሥር ያለው የደም ሥር ብቻ ሲመታ አየሁት።

የዚያን ዕለት ማታ ከገበታው ላይ ሆኖ፣ «ይህ ስህተት አይደለም፤ ስድብ ነው» አለ። «ብቻውንም አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሳይነበብላቸው እንደማይሰቅሉ አጣርቻለሁ። ያነበበለት ሰው አለ። ተባባሪ አለው!»

ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«ውሃ ጠጪ እንጂ፣ ልጄ» አለኝ ተባባሪውን የሚፈልገው አባቴ፣ ብርጭቆውን በገዛ እጁ እየሞላ። ከዚያ ውሃ የበለጠ የሚያንቅ ነገር ጠጥቼ አላውቅም።

በማግስቱ ወደ ሥራ ቦታው ሮጥኩ፤ ተዘግቷል። ጎረቤቱ መስተዋት ቆራጩ በእርሳሱ ጆሮውን እያከከ፣ «ፖሊስ በፊት ለፊት ሲገባ እርሱ ብሩሾቹን አንጠልጥሎ በጓሮ ወጣ» አለኝ።

«ለእኔ ያለው ነገር የለም?»

«ለማንም ምንም አላለ፣ እቴ። የሸሸ ሰው ደግሞ ሰላምታ ያስቀምጣል እንዴ?»

ይህ ሰው «አባትሽ ፊት የምቆምበት ቀን ሲመጣ ጉልበቴ አይንቀጠቀጥም» ብሎኝ ነበር። ቀኑ ሲመጣ የተንቀጠቀጠው ጉልበት ሳይሆን የጓሮ በር ሆነ። ፈሪ ነው አልኩ በልቤ። ቃሉን ደጋግሜ ለራሴ አነበብኩት፤ አንድም ግድፈት አላገኘሁበትም፤ ልቤ ግን እንዲያልፍ አልፈቀደም።

ሃምሳ አለቃው ሰሌዳ ጸሐፊ ስለጠፋበት ማስታወቂያውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ አባዝቶ፣ በየግድግዳው ለጠፈው። «ይፈለጋል» ይላል በራሱ ላይ፣ ዶሮ በጫረችው በሚመስል ጽሑፍ። «ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጣቱ ቀለም ያለበት፣ መልከ መልካም ነው የሚሉም አሉ።» ይህን የመጨረሻውን ማን እንዳለ ባውቅ ኖሮ ፀጉሯን በነጨሁት።

ከማተሚያ ቤቱ በር አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይም አንዱ ተለጥፏል። አንድ ጠዋት ሳልፍ ዓይኔ ተሰናከለ። «ይፈልጋል» ይላል። የ«ለ» ራስ ላይ አንዲት ቀጭን ጭረት ተጨምራ «ል» ሆናለች። የተናደደ አራሚ ለማን ይራራል? ቀይ ብዕሬን አውጥቼ «ል»ን ሰረዝኩ፣ ከላዩ «ለ» ጻፍኩበት፣ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ሃምሳ አለቃውን እንኳ በሆዴ ተሳደብኩ፤ «አንድ ቃል በትክክል መጻፍ የማይችል፣ አንድ ሰው እንዴት ይይዛል?» ብዬ።

በማግስቱ ቀዩ «ለ»ዬ እንደገና «ል» ሆኖ ጠበቀኝ።

ጣቴን አስነካሁት። ጭረቷ እርጥብ ነች፤ ሰማያዊ ነች። እንደ ላባ ቀጥና ጀምራ፣ ወፍራ፣ እንደገና ትቀጥናለች። በከተማው ውስጥ ጭረትን እንዲህ የሚያስተነፍስ እጅ አንድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ማስታወቂያውን እንደ አራሚ ሳይሆን እንደ ሴት አነበብኩት። ፖሊስ የጻፈው «ይፈለጋል» ነበር፤ እርሱ የመለሰልኝ «ይፈልጋል» ብሎ ነው። ማንን እንደሚፈልግ ለመጻፍ ደግሞ ስፍራ አላስፈለገውም፤ ከማተሚያ ቤቱ በር ላይ ካለው ምሰሶ በቀር በየትኛውም ግድግዳ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አልነካም።

እዚያው ምሰሶው ሥር ቆሜ ሳቅኩ። ሁለት መንገደኞች ዞር ብለው አዩኝ፤ አንደኛው «ተፈላጊ እየታየ የሚሳቅበት ዘመን ላይ ደረስን» ሲል ሰማሁት። ሳቄ ግን በዕንባ ተሰፍቶ ነበር።

ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩና ሰማያዊውን ቀለም መከተል ጀመርኩ።

ሰው ሲደበቅ ወደ ጨለማ፣ ወደ ጓዳ፣ ወደ ከተማው ዳር ይሄዳል ይባላል። ቀለሜ ግን ወደ ላይ ነበር የወጣው። በትልቅ ከተማ ውስጥ ሰው አንገቱን ቀና የሚያደርገው ዝናብ ሲፈራ ብቻ ነው፤ ፖሊስም ቢሆን ተፈላጊን የሚፈልገው በትከሻው ቁመት ልክ ነው። ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ በመሰላል ላይ የቆመ ሰው ፊት የለውም፤ የሥራ ልብስ ብቻ ነው። አንዱ ሰፈር ጽፎ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሻገራል። ማረፊያውንም በሙያው ገዝቷል፤ ለአልጋ ሻጩ ሰሌዳ ጽፎ ለሽያጭ ከተዘረጋው አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ላስቲኩ ስላልተገለጠ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኮሻኮሽ አድሮ፣ ጠዋት ከደንበኛ በፊት መነሳት ነበረበት። ለጥርስ ሐኪሙ ጽፎ ወደ ኋላ በሚጋደመው ወንበር ላይ አድሯል። «ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው» አለኝ በኋላ፤ «በሕልሜ ሁሉ አፍህን ክፈት እባላለሁ።»

እኔ ግን ያን ጊዜ የማውቀው የጭረቱን ጠባይ ብቻ ነው። የአልጋ ሻጩን «ፍራሽ» አየሁ፤ የ«ፍ»ዋ ጅራት እንደ ጅራፍ ተጠቅልላለች። ከሦስት መንገድ ማዶ የጥርስ ሐኪሙን ሰሌዳ አየሁ፤ ቀለሙ ከአልጋ ሻጩ ይልቅ ትኩስ ነው። ከዚያ ቁልቁል፣ የጨርቅ መደብሮቹን አልፌ፣ አንድ ልብስ ንጽሕና ቤት ፊት ስደርስ የእንጨት መወጣጫ ተተክሏል። እላዩ ላይ አንድ ሰው አለ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ጣል አድርጓል።

ከመወጣጫው ሥር፣ ከጥላው፣ ሁለት ፖሊሶች ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይልጣሉ። የለጠፉት ማስታወቂያ ትራፊ ጥቅል ከጎናቸው ነው።

ወጣቱ ፖሊስ አወቀኝና ብድግ አለ።

«የአዛዣችን ልጅ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ይህን ጽሑፍ ላርም ነው» አልኩ፤ ምላሴ ያን ያህል ፈጣን መሆኑን አላውቅም ነበር። «ከሰሞኑ በሰሌዳ ላይ የሚሆነውን ታውቃላችሁ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው! ይህም ሌላ ነገር እንዳይቀብር» አለ ትልቁ፤ ሁለቱም ተሳሳቁ፤ የመወጣጫውንም መሰላል ግራና ቀኝ ያዙልኝ። ከፍታ እፈራለሁ። የወጣሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

ስገልጥ ፊቱ ከፊቴ ስንዝር ርቆ ነበር። ከስቷል። ቅንድቡ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ግድፈት ላርም።»

«የትኛውን?»

«አንተን! ፈሪ! ጥለኸኝ የሄድክ፣ ሰላምታ እንኳ—»

«ቀስ በይ፣ በእናትሽ። ሥርሽ ያሉት ኦቾሎኒ ሻጮች አይደሉም።»

ድምፄን ዋጥኩ፤ ንዴቴ ግን ሊዋጥልኝ አልቻለም። «‹አባትሽ ፊት ስቆም ጉልበቴ አይንቀጠቀጥም› አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«አባትሽ ፊት ብቆም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምንድን ነው? ‹ማን አነበበልህ› ነው።» ብሩሹን ከባልዲው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። «እኔ መዋሸት አላውቅበትም። ስዋሽ ጆሮዬ እንደ ቲማቲም ይቀላል፤ ራስሽ ታዪኝ የለም? ስምሽን ላለመጥራት የነበረኝ ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ አለመጠየቅ። ላለመጠየቅ ደግሞ አለመያዝ።»

የማርመው ነገር አጣሁ።

«እስከ መቼ ልትሸሽ?» አልኩ።

«ቀለሜ እስኪያልቅ ብዬ ነበር» አለና ፈገግ አለ፤ «ግን ሰው ሁሉ ሰሌዳ ይፈልጋል፤ ቀለሙን እየገዙ ይሰጡኛል። ከእኔ ይልቅ ሥራ የበዛበት ተፈላጊ በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም።»

«ለመሆኑ ምን ሆነህ ነው ያንን ‹ቀ› የጻፍከው?»

ወደ ግድግዳው ዞር አለ። አንገቱ ከኋላ ሲቀላ አየሁ፤ ግን እየዋሸ አልነበረም።

«አንቺ ነሽ ያስጻፍሽኝ።»

«እኔ?»

«‹አስ› ብዬ ጽፌ ‹ከ›ን ልጀምር ስል መሰላሉ ሸርተት አለ። አንቺም ከሥር ‹ቀስ!› ብለሽ ጮኽሽ። እንደዚያ ደንግጦልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እጄ ሰሌዳው ላይ ነበር፤ ጆሮዬ ግን አንቺ ጋ። የሰማሁትን ጻፍኩ።»

ከተማው በሙሉ የሳቀበት፣ አባቴ ስድብ ያለው፣ ሃምሳ አለቃው ጫማውን የጨረሰበት ያ ፊደል፣ የገዛ ድምፄ ነበር። እርሱ እንዳይወድቅ የደነገጠው ልቤ፣ በእርሱ እጅ አድርጎ፣ በፖሊስ ጣቢያ አናት ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን ፊደል አውቃለሁ ባይዋ አላነበብኩትም። እጄን ወደ ቅንድቡ ስሰድ ክንዴ ብሩሹን ነካው፤ አንዲት ጠብታ ተስፈንጥራ ወረደች።

«ዘነበ እንዴ?» አለ ወጣቱ ፖሊስ ከሥር።

«ሰማያዊ ዝናብ የት አየህ? ባርኔጣህን ተመልከት!» አለ ትልቁ። «ጋሼ ቀለም ቀቢው፣ ቀስ በል እንጂ!»

ቀለሜ አፉን በመዳፉ ያዘ። እኔም ያዝኩ። መወጣጫው በሁለታችን የታፈነ ሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከፍታ መፍራቴን የረሳሁት ያን ጊዜ ነው።

«እንውረድ» አልኩት። «አባቴ የሚፈልገው ሁለት ሰው ነው። አንድ ላይ እንሂድለት።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ተገፈፈ። «አንቺ ስምሽ አለ። አባትሽ አለ። ያ ጠበቃ አለ። እኔ ግን ቢወስዱብኝ የሚያሳዝነኝ ባልዲዬ ብቻ ነው። ተይ፣ እኔ ብቻዬን ልግባ፤ ማንም አላነበበልኝም እላለሁ።»

«ጆሮህስ?»

ጆሮው ከወዲሁ ቀልቶ ነበር።

ወረድን። ወጣቱ ፖሊስ ባርኔጣውን እያሸ ነው። ፊት ለፊቱ ቆምኩና፣ «የምትፈልጉት ሰው ይኸው። ተባባሪው ደግሞ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ትልቁ ፖሊስ በሳቅ ኦቾሎኒው ትን አለው። «ወይ የአዛዣችን ልጅ! አባትሽ እንዲህ ዓይነት ቀልደኛ ልጅ አለችኝ ብሎ አያውቅም እኮ!»

«እውነቴን ነው።»

«እሺ፣ እሺ፤ እንግዲያው እጅ ከፍንጅ ይዘናችኋል፤ አሁን ወደ ቤትሽ ግቢ፣ እህቴ። ፀሐዩ ከረር ብሏል» አለኝ፤ ለቀለሜም ከኦቾሎኒው ዘገነለት። የሚይዘን ሰው ስላጣን ወደ ጣቢያው በገዛ እግራችን ሄድን። በመንገዱ ላይ ስድስት «ይፈለጋል» አለፍን። እርሱ ብዙ አላወራም። እኔ ጣቶቹን አልለቀቅኩም፤ የቀለሙ ሽታ ከደም ሥሬ የገባ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በቢሮው ውስጥ ሰውን ሁሉ «አንቱ» የማለት ልማድ አለው። ኪስ አውላቂውንም፣ ሰካራሙንም፣ በዚያ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ «አንቱ» ነው። ሃምሳ አለቃው ቀለሜን አይቶ «ያዝኩት!» ብሎ ሲጮኽና ኋላ እኔን ሲያይ አፉ ተከፍቶ ሲቀር፣ አባቴ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው። ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። የተያያዙትን ጣቶቻችንን አየ። ወረቀት አወጣ፤ የብዕሩን ክዳን ነቀለ።

«ይቀመጡ» አለኝ። አባቴ፣ እኔን፣ «ይቀመጡ»። ወንበር ስበን ተቀመጥን።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ—» አለ ቀለሜ።

«ተራዎ ሲደርስ ይናገራሉ።» ወደ እኔ ተመለሰ። «ሰሌዳው ሲጻፍ የት ነበሩ?»

«ከመሰላሉ ሥር።»

«ምን ያደርጉ ነበር?»

«መሰላሉን ይዤ ነበር። ጽፎ ሲጨርስም ያነበብኩለት እኔ ነኝ።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ይሮጣል። ቀና አላለም። «ሙያዎ ማረም ነው። ‹ቀ›ን አላዩም?»

«አላየሁም።»

«ፊት ለፊትዎ የክንድ ያህል የተጻፈ ፊደል? ታዲያ ምን ይመለከቱ ነበር?»

ዝም ብል ይዘለው ነበር፤ ዓይኑ «ዝም በይ» ሲለኝ አይቻለሁ። ስህተት ነው፣ ደክሞኝ ነበር፣ ፀሐይ ወጋኝ ብል ሁላችንም ወደየቤታችን እንገባ ነበር፤ እርሱ ወደ ባልዲው፣ እኔም ወደ ጠበቃው።

«እርሱን» አልኩ።

ብዕሩ ቆመ።

አባቴ ለማንም ተመርማሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ድምፁ ግን የአዛዥ ድምፅ አልነበረም። «ይጻፍ?»

«ይጻፍ። እወደዋለሁ። እርሱን እያየሁ ስለነበር ፊደሉን አላየሁም። የሸሸውም ስሜን ላለመጥራት ነው። ይህም ይጻፍ።»

«ውሸት ነው፣ ጌታዬ!» አለ ቀለሜ ከወንበሩ ተነሥቶ። «የሸሸሁት ፈርቼ ነው። እሷ እዚያ አልነበረችም። ማንም አላነበበልኝም።»

ሃምሳ አለቃው ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ጌታዬ፣ የሰውየው ጆሮ ግን...» አለ።

አባቴ ጆሮዎቹን አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኖቹን አሸ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ የሚያለቅስ መስሎኝ ተነሣሁ። እየሳቀ ነበር። በምረቃው ዕለት ያልሳቀው ሳቅ ሁሉ ተጠራቅሞ ኖሮ አሁን ወጣ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስመረምር ኖርኩ» አለ ትንፋሹን ሰብስቦ። «አንዱ ባንዱ ሲያላክክ ነው የማውቀው። ጥፋት እንደ ድግስ ሲሻሙ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ልጄ?»

«ልጄ» ሲለኝ «አንቱ»ው አብሮ ወደቀ፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ። «ከምሳው በፊት ጀምሮ ነው፣ አባዬ።»

«ምሳዬ ለምን ቀዝቅዞ እንደሚመጣ ገባኝ አሁን» አለ። ቀለሜንም ከእግር እስከ ራሱ መረመረው፤ እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን፣ ልጁን ሊሰጠው ያሰበውን ሰው እንደሚመረምር አባት። «አንተ፣ ውሸት እንዲህ እየከበደህ ቤት ማስተዳደር አትችልም። ደግ ነው። ልጄን ለመዋሸት አቅም ለሌለው ሰው ብሰጥ አላፍርም። ለጠበቃው እኔ እነግረዋለሁ።»

ሃምሳ አለቃው አፍንጫውን በመሐረብ ነፋ።

ከዚያም አራታችን በሩ አናት ላይ ወዳለው ሰሌዳ ወጣን፤ ሃምሳ አለቃው ቀለሙን ተሸከመ፣ አባቴ መሰላሉን ያዘ፣ ቀለሜ «ቀ»ውን ፍቆ «ከ» ጻፈ፤ እኔም በዚህ ጊዜ ፊደሉን አይቼ አነበብኩለት።